ቤቱን ይዞ የሚዞር ደንበኛ

በአውስትራሊያ የባሕር ዳር ጐዳና የአንድ ቀን ጉዞ ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ሚስተር ቤን ፖን የሚባሉ አንድ የሆላንድ አገር አስመጪ ነበሩ። ሥራቸው የጀርመኑን የፎልክስዋገን አውቶሞቢል ወደ አገራቸው እያስመጡ መሸጥ ነበር። እኒህ ሰው በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሠራተኞች ዕቃ የሚያመላልሱበትን፣ ከአውቶሞቢል ክፍሎች ተገጣጥሞ የተሠራ ጠፍጣፋ መኪና አይተው ስለ ነበር፣ በኤፕሪል ወር 1947 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ አንድ ንድፍ አሰፈሩ። ንድፉ ሞተሩ ከኋላ፣ ነጂው ከፊት፣ መካከሉ ለጭነት የተተወ፣ ሳጥን የመሰለ መኪና ነበር። ፋብሪካው ሐሳቡን ተቀብሎ በ1950 ዓ.ም. መኪናውን ያወጣ ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዌስትፋልያ የተባለ የጀርመን ድርጅት በዚሁ መኪና ውስጥ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን መቀመጫና ቁም ሣጥን እየገጠመ ለአገር ጐብኚዎች አቀረበ። ዛሬ ካምፐርቫን እየተባለ የሚጠራው ባለ መኝታ መኪና በዓለም ላይ እንዲስፋፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። መነሻውም ሌላ አይደለም፤ የአንድ አስመጪ አስተዋይ ዐይን ነው።

እንዲህ ያለውን መኪና ያየ ባለሆቴል መጀመሪያ የሚያስበው የሚቀርበትን ገንዘብ ነው። አልጋውን፣ ምድጃውንና ውሃውን ጭኖ የመጣ መንገደኛ ክፍል አይከራይም፤ ምሳና ራትም አያዝዝም። ስለዚህ ለከተማው የሚተርፈው የጐማው አቧራ ብቻ ነው የሚል አይታጣም። ነገሩ እንደሚባለው መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ግን እነዚህ መኪናዎች ከሚበዙባቸው ጐዳናዎች በአንዱ ላይ ከጧት እስከ ማታ የሚሆነውን መከታተል ይበጃል።

ጨርቅ ሻጩ ነጋዴ ያሠሩት መንገድ

ጐዳናው የሚገኘው በአውስትራሊያ አገር በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ነው። ስሙ ግሬት ኦሽን ሮድ ይባላል፤ ታላቁ የውቅያኖስ ጐዳና ማለት ነው። ከቶርኪ ከተማ ተነሥቶ አላንስፎርድ እስከምትባለው መንደር ድረስ 243 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከመሠራቱ በፊት የባሕር ዳሩ መንደሮች ከሌላው ዓለም ጋር የሚገናኙት ወይ በመርከብ፣ ወይ ደኑን ሰንጥቆ በሚያልፍ አስቸጋሪ የጋሪ መንገድ ነበር።

መንገዱ እንዲሠራ አጥብቀው ከደከሙት ሰዎች ቀዳሚው ሚስተር ሃዋርድ ሂችኮክ ናቸው። እርሳቸውም የጂሎንግ ከተማ ከንቲባ ሲሆኑ፣ እንጀራቸው ግን ከአባታቸው በወረሱት የጨርቃ ጨርቅ መደብር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሥራ እንዲያገኙ፣ በጦር ሜዳ የቀሩትም ጓደኞቻቸው መታሰቢያ እንዲኖራቸው አንድ ማኅበር ተቋቁሞ ከሕዝብ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ሚስተር ሂችኮክም ከራሳቸው ኪስ ጨመሩበት። መንገዱ አገር ጐብኚ እንደሚያመጣም ከመጀመሪያው አስበው ነበር።

ሥራው በሴፕቴምበር ወር 1919 ዓ.ም. ተጀመረ። ወደ 3,000 የሚሆኑ ተመላሽ ወታደሮች በድንኳን እያደሩ፣ በዶማ፣ በአካፋ፣ በእጅ ጋሪና በፈንጂ ገደሉን እየናዱ መንገዱን አወጡት። በ1924 ዓ.ም. ካሲኖ የተባለች መርከብ በዚያው አካባቢ ከባሕር ዐለት ጋር ተጋጭታ ሸክሟን ለማቅለል 500 በርሜል ቢራ ወደ ባሕር በጣለች ጊዜ፣ የመንገዱ ሥራ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይታሰብ እንደ ቆመ እስከ ዛሬ ይተረካል።

መንገዱ በ1932 ዓ.ም. ተመረቀ። ሚስተር ሂችኮክ ግን ከምረቃው ጥቂት ወራት አስቀድሞ በዚያው ዓመት ስላረፉ፣ በበዓሉ ሰልፍ ላይ ባለቤት የሌለው መኪናቸው የአገረ ገዢውን መኪና ተከትሎ ተነዳ። የመንገዱ ዕዳ የሚከፈለው ከአላፊ አግዳሚው በኬላ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ነበር። በ1936 ዓ.ም. ማኅበሩ መንገዱን ለመንግሥት አስረከበ፤ ኬላውም በዚያው ተነሣ።

ጧት፦ ስንቅና ሰሌዳ

የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል የሚውልበት የጃንዩዌሪ ወር በዚያ አገር የበጋው እኩሌታ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች በቤት ናቸው። በዚህ ወቅት ባለ መኝታ መኪናዎች ከሜልቦርን ከተማ ማልደው ይነሣሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የኪራይ ናቸው። የኪራዩ ንግድ ራሱ የሚያስደንቅ ስልት አለው፤ ትላልቆቹ ድርጅቶች መኪናውን ለጥቂት ዓመታት ካከራዩት በኋላ ገና ጕልበት ሳለው ለግል ገዢ ይሸጡታል። ስለዚህ ትርፋቸው ከኪራዩም ከሽያጩም ነው። በ2022 ዓ.ም. የኒውዚላንዱ ቱሪዝም ሆልዲንግስና የአውስትራሊያው አፖሎ በተዋሐዱ ጊዜ፣ በዚህ ሥራ በዓለም ላይ ስም ካላቸው ድርጅቶች አንዱ ይበልጥ ገነነ።

ከጉዞው በፊት ስንቅ መግዛት ግድ ነው። ከመሐል ሜልቦርን በስተምዕራብ በምትገኘው በፉትስክሬይ ሰፈር የኢትዮጵያ ተወላጆች ምግብ ቤቶችንና ሱቆችን ከፍተው ይነግዳሉ። ከዚያ የሚነሣ የአገር ልጅ እንጀራውን ጠቅልሎ፣ ሽሮውንና በርበሬውን ቋጥሮ፣ ጀበናውንም ሳይረሳ ሊጓዝ ይችላል፤ የመኪናው የጋዝ ምድጃ ቡና ለማፍላት አያንስምና። በከተማው የቡና መደብሮችም የይርጋ ጨፌ ስም የተጻፈበት ከረጢት ማግኘት አያስቸግርም። እንግዲህ መኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ የመጀመሪያውን ግብይት ፈጽሟል። ግብይቱም ባለሆቴልን የሚመለከት አይደለም፤ ባለሱቅን ነው እንጂ።

ወደ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ከተጓዙ በኋላ የጐዳናው መነሻ የሆነችው ቶርኪ ትደረሳለች። በአውስትራሊያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለ ሆነ፣ ከቶርኪ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ባሕሩን ከመስኮቱ በታች በግራው ያገኘዋል፤ ለማረፍ ሲሻም መንገድ ሳያቋርጥ ወደ ዳር ይወጣል። ባለሱቅ ይህን ነገር አቃልሎ ሊያየው አይገባም፤ ረጅም መኪና የያዘ ደንበኛ በቀላሉ ከማይቆምበት ስፍራ ያለ ሱቅ፣ ሸቀጡ ምንም ቢያምር፣ ታይቶ የሚታለፍ ነውና።

ቶርኪ በማዕበል ላይ በሰሌዳ ለሚንሸራተቱ ሰዎች የታወቀች ናት። በ1969 ዓ.ም. ዳግ ዋርብሪክና ብራያን ሲንገር የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች በዚህች ከተማ ሪፕ ከርል የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ ሰሌዳውን ሠሩ፤ ቀጥሎም የዚያ ባሕር ውሃ ብርቱ ቅዝቃዜ ስላለው ገላን የሚያሞቅ ከላስቲክ የተሠራ የባሕር ልብስ ወደ መሥራት አዘነበሉ። ክዊክሲልቨር የተባለው የባሕር ዳር ልብስ ድርጅትም የተመሠረተው በዚያው ዓመትና በዚያችው ከተማ ነው። ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ በ2019 ዓ.ም. ሪፕ ከርል በ350 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለኒውዚላንዱ ካትማንዱ ድርጅት ተሸጠ። ሁለቱ ጓደኛሞች የሸጡት ነገር ከሩቅ አገር የመጣ አልነበረም፤ በደጃቸው ለሚመላለሰው ሰው የሚጐድለውን አይተው እርሱን አቀረቡ። ቅዝቃዜው ለመንደሩ ነውር መስሎ ይታይ ነበር፤ ለእነርሱ ግን ሀብት ሆናቸው።

ቀትር፦ የአንድ ወቅት ገበያ

ከቶርኪ አልፎ ኢስተርን ቪው በተባለው ስፍራ መንገዱን የሠሩት ወታደሮች መታሰቢያ የሆነ የእንጨት ቅስት ቆሟል። ቀድሞ የነበረው ቅስት በ1983 ዓ.ም. በተነሣው ታላቅ የደን ቃጠሎ ጠፍቶ እንደ ገና የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ጐዳናው በተራራውና በባሕሩ መካከል እየተጠማዘዘ ሎርን ከምትባለው ከተማ ይገባል። መንገደኛው በዚህች ከተማ ትኩስ ዳቦ፣ ወተት፣ በረዶና ነዳጅ ይገዛል።

እንዲህ ባሉ ከተሞች የሚነግድ ሰው የዓመቱን ትርፍ ተስፋ የሚያደርገው ከገና እስከ ጃንዩዌሪ መጨረሻ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ሌላው ወራት ሸቀጥ የሚጠበቅበት፣ ይህ ወር ግን ሸቀጥ የሚነሣበት ነው። ስለዚህ የወቅቱ አደጋ የዓመቱ አደጋ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. በገና ዕለት ከመብረቅ የተነሣ የደን እሳት ዋይ ሪቨርና ሴፓሬሽን ክሪክ በተባሉት ሁለት የባሕር ዳር መንደሮች 116 ቤቶችን አቃጠለ። ሕዝቡ አስቀድሞ ስለ ወጣ የሰው ሕይወት አልጠፋም። ሎርን አልተቃጠለችም፤ ነገር ግን ነዋሪዋና እንግዳዋ በዚያው ዕለት እንዲወጡ ስለ ታዘዘ፣ ሱቆቿ በሸቀጥ ተሞልተው ሳሉ ጎዳናዎቿ ባዶ ሆኑ። እሳቱ ያልነካው ነጋዴም እንደ ተቃጠለ ሰው ያህል የሚያሰላው ኪሳራ ነበረው። በአንድ መንገድና በአንድ ወቅት የሚነግድ ሰው መጠባበቂያ ሊኖረው እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

የአፖሎ ቤይ ሎብስተርና የመኪናው ድስት

ከቀትር በኋላ የምትገኘው አፖሎ ቤይ የዓሣ አጥማጆች ወደብ አላት። ከጥልቁ የሚወጣው ሎብስተር የተባለው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የታወቀ የወጪ ንግድ ሸቀጥ ነው። አውስትራሊያ በሕይወቱ ሳለ በአውሮፕላን ከምትልከው ሎብስተር አብዛኛው የሚሸጠው ለቻይና ነበር። ዋጋው መልካም፣ ገዢው ብርቱ ስለ ነበረ፣ ላኪዎቹ ሌላ ገበያ ለመፈለግ አልተቻኰሉም። በ2020 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ግን በሁለቱ መንግሥታት መካከል በተነሣው አለመግባባት ምክንያት የቻይና በር ተዘጋ፤ በሩ እንደ ገና የተከፈተው በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አጥማጁ ያጠመደውን በርካሽ ዋጋ ለአገሩ ሰው ከመሸጥና ሌላ ገዢ ከመፈለግ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ባለ መኝታ መኪና የያዘው መንገደኛ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በሆቴል ያደረ እንግዳ ጥሬ ዓሣ ገዝቶ ወዴት ይወስደዋል? ድስት የለውም፤ ምድጃ የለውም። የሆቴል እንግዳ ሽንኩርትም አይገዛም። ቤቱን ይዞ የመጣው ሰው ግን ዓሣውን ከአጥማጆቹ ማኅበር መደብር ይገዛል፤ ከዚያ ተሻግሮ ሽንኩርት፣ ቅቤና ሎሚ ይገዛል፤ ጋዙ ካለቀበት ሲሊንደሩን ይለውጣል። ባለሆቴል የሚያጣው አንድ ትልቅ ሒሳብ ለብዙ ባለሱቆች በትንንሹ ተከፋፍሎ ይደርሳል ማለት ነው። የውጭ ገበያ በአንድ ሌሊት የሚዘጋበት ላኪ፣ በደጁ የሚያልፈውን ትንሽ ገዢ የናቀው እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ይጐዳል።

ማታ፦ ዐለትን አይቶ የሚመለስ፣ አድሮም የሚገዛ

ከአፖሎ ቤይ ወዲያ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ከባሕሩ ርቆ በኦትዌይ ደን ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ወደሚባሉት የባሕር ዐለቶች ይወጣል። ስማቸው እንዲህ ይሁን እንጂ፣ ይህ ስም ሲወጣላቸው ከውሃው በላይ ይታዩ የነበሩት ዘጠኝ ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ በጁላይ 3 ቀን 2005 ዓ.ም. ፈርሶ ወደ ባሕር ስለ ገባ ስምንት ቀርተዋል። ቁጥሩ ጐደለ፤ ጐብኚው ግን አልጐደለም። መልካም ስም የራሱ ገበያ እንዳለው ይህ ማስረጃ ነው።

ዳሩ ግን ስሙን የሰማ ሁሉ አይገዛም። ዐለቶቹ በሚታዩበት ስፍራ ከተማ የለም። ከሜልቦርን በአውቶቡስ መጥቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ብዙ ጐብኚ ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ ምናልባት አንድ ጠርሙስ ውሃ ገዝቶ ይሄዳል። መንገዱን ያደክማል፤ ሱቁን ግን አይረዳም። የባሕር ዳሩን መሬትና መናፈሻ በአንድነት የሚያስተዳድር ባለሥልጣን በ2020 ዓ.ም. እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም የጐብኚው ብዛትና የአስተዳደሩ በብዙ እጅ መከፋፈል ነበር።

ከዐለቶቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሎክ አርድ የሚባል ጠባብ የባሕር ሰርጥ አለ። ስሙ ከእንግሊዝ አገር ተነሥታ ወደ ሜልቦርን ስትጓዝ በጁን 1 ቀን 1878 ዓ.ም. በዚያ ከሰጠመችው መርከብ የተወሰደ ነው። ከ54 ሰዎች የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ወጣት መርከበኛ፣ ሁለተኛዋ ወጣት መንገደኛ። መርከቢቱ ከጫነችው ሸቀጥ መካከል በ1880 ዓ.ም. ለሚከፈተው የሜልቦርን ዓለም አቀፍ የንግድ ትርኢት የታሰበ፣ ሚንተን በተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ከሸክላ የተሠራ የጣዎስ ምስል ነበር። መርከብን የሰበረው ማዕበል ይህን የሚሰበር ዕቃ ከነሳጥኑ ወደ ዳር አወጣው፤ ምስሉም ደኅና ነበር። ዛሬ በዋርናምቡል ከተማ በፍላግስታፍ ሂል ሙዚየም ይታያል። ሰው ላለቀበት ለዚያ አደጋ የሚያጽናና ነገር የለም፤ አስመጪ የሆነ ሰው ግን ያንን ጣዎስ ሲያይ ዕቃውን በሳጥኑ ውስጥ አስተካክሎ ያሸገውን፣ ስሙ ያልተጻፈውን ሠራተኛ ሳያስብ አይቀርም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለ መኝታ መኪናው ፖርት ካምብል ከምትባለው ትንሽ ከተማ ይደርሳል። በጐዳናው ዳር በዘፈቀደ ቆሞ ማደር በብዙ ስፍራ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ለመኪናዎች ማደሪያ ወደ ተዘጋጀ ሰፈር ይገባል። በዚያም የሌሊቱን ኪራይ ከፍሎ መኪናውን ከኤሌክትሪክ ጋር ያገናኛል፤ ንጹሕ ውሃ ይሞላል፤ እድፉንና የመጸዳጃውን ፍሳሽ በተፈቀደው ጕድጓድ ይደፋል። እንግዲህ ቤቱን ይዞ ቢመጣም የቤቱን ችግር ሁሉ ይዞ መጥቷል፤ ውሃ ያልቅበታል፣ ጋዝ ያልቅበታል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ዳቦው ይደርቃል። የሚያልቅበት ሁሉ የሌላ ሰው ሸቀጥ ነው። በማግሥቱ ጧትም ከከተማው ሳይወጣ እንደ ገና ይገዛል። በአውቶቡስ መጥቶ በዚያው ቀን ከተመለሰው ጐብኚ የሚለየው አልጋ በመያዙ አይደለም፤ በማደሩ ነው።

የቀኑ ሒሳብ

ከፉትስክሬይ እስከ ፖርት ካምብል ያለው የአንድ ቀን ጉዞ ሲደመር ውጤቱ ይህ ነው። መንገደኛው አንድም ጊዜ ትልቅ ሒሳብ አልከፈለም፤ ነገር ግን ከእንጀራ ሻጭ፣ ከነዳጅ ማደያ፣ ከዳቦ ቤት፣ ከዓሣ አጥማጅ፣ ከአትክልት ሻጭ፣ ከጋዝ ነጋዴና ከማደሪያው ባለቤት ዘንድ ቆሟል። ለእያንዳንዱ የደረሰው ጥቂት ነው፤ መኪናው ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ ወቅቱ እስኪያልፍ ድረስ በየቀኑ ሌላ ይመጣል። ከዚህ ገበያ የሚጠቀመውም ዕቃውን በትንሽ በትንሹ ያዘጋጀ፣ ማልዶ የሚከፍት፣ ረጅም መኪና የሚያቆምበት ስፍራ ያለውና ውሃ ለጠየቀው ፊቱን የማያጠቍር ባለሱቅ ነው።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ነጋዴ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በደብረ ሲና የሚያልፍ አውቶቡስ ቆሎ ሳይገዛ የማይሄደው ከተማይቱ ትልቅ ሆቴል ስላላት አይደለም፤ መንገደኛው ከሚቆምበት ስፍራ፣ በእጁ ሊይዘው በሚችለው መጠን፣ የሚወደውን ስላቀረበችለት ነው። የጂሎንጉ ጨርቅ ሻጭ መንገዱን አሠርተው ምርቃቱን ሳያዩ አለፉ፤ ባሕሩም በአፖሎ ቤይ በኩል የመንገዱን ጥግ እየሸረሸረ ስለ ሆነ ዛሬ በድንጋይ ግንብ ይከላከሉታል። መንገድ በብዙ ድካም ይሠራል፣ በብዙ ድካምም ይጠበቃል። ድካሙ ለከተማው ፍሬ የሚሰጠው ግን በዚያ የሚያልፈው ሰው ቆሞ የሚገዛው ነገር ሲያገኝ ነው።